ግንቡ ሥር የቆመችው ልጅ

ባቡሩ ከሮተርዳም ከተነሣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው አቶ አስናቀ ወልደየስ «ደን ሃኽ ደረስን እንዴ?» ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ።

«ገና ነው አባዬ። ሲደርስ እነግርዎታለሁ» አለች ስመኝ። የሻርፓቸውን ጫፍ ካፖርታቸው ውስጥ ከተተችላቸውና ሮላቶሩን፣ ያን ባለጎማ መደገፊያቸውን፣ በባቡሩ ውዝዋዜ እንዳይንሸራተት በእግሯ ያዘችው።

ሽማግሌው ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ካፔለ አን ደን አይሰል ካለው ቤታቸው ማልደው ሲወጡ ገላቸውን ያጠበቻቸው፣ ጢማቸውን የላጨቻቸው፣ ኪኒናቸውን መዋጣቸውን ቆማ ያየችው ስመኝ ናት። ታዲያ ከቤት እስከ ሜትሮው፣ ከሜትሮው እስከ ባቡሩ ያወሩት ሃኽ ላይ ስለምትሳፈረው ታናሿ ልጃቸው ብቻ ነበር።

ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ጣቢያው ውስጥ ሲገባ መስኮቱን በመዳፋቸው ጠረጉት። ሐምራዊት በቀይ ጃኬቷ መድረኩ ላይ ስትሮጥ አዩና ፊታቸው በራ። ስመኝ አንገቷን ወደ ሌላ በኩል አዞረች። ያ ፊት ለእሷ እንዲህ ሲበራ አይታ አታውቅም።

«አባቴ! ዛሬስ ቀደምከኝ!» አለች ሐምራዊት እየተነፈሰች፤ ጎንበስ ብላም ጉንጫቸውን እያፈራረቀች ሳመቻቸው። «እትዬ፣ ደህና አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ስመኝ፣ ሮላቶሩን ገፋ አድርጋ ቦታ እየለቀቀችላት።

ስመኝን እንደ እሾህ የሚወጋት ይህ «አንተ» ነበር። እሷ በሃምሳ ዓመት ዕድሜዋ አባቷን አንድ ቀን እንኳ አንተ ብላ አታውቅም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ፣ እናቷ በሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ እጃቸውን ይዛ በእግር ሱዳን የገባች እሷ ናት። ካርቱም ውኃ የቀዳች፣ ሆላንድ ሲደርሱ ቋንቋውን ከእሳቸው ቀድማ አውቃ በየቢሮውና በየሐኪሙ ዘንድ ያስተረጎመች እሷ ናት። አሁንም ቢሆን ኑሮዋ ያው ነው፤ ቀን ቀን በታውስዞርኽ፣ በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ፣ የሰው አረጋውያን ቤት እየዞረች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፤ ማታ ደግሞ የራሷን አባት።

ሐምራዊት ግን ስመኝና አባቷ አዲስ አበባን ጥለው ሲወጡ ገና በስመኝ እንጀራ እናት ሆድ ውስጥ ነበረች። ያለ አባት አድጋ፣ ታሪክ ተምራ፣ ከአራት ዓመት በፊት ለዶክትሬት ነጻ ትምህርት አግኝታ መጣች። ስኪልደርስዋይክ በሚባለው የሃኽ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። በመጀመሪያው እሑድ ካፔለ መጥታ ሽማግሌው እግር ሥር ተቀመጠችና «አባቴ፣ አንተ ልጅ ሆነህ ጣሊያን አገር ታስረህ ነበር አሉ። እውነት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። አቶ አስናቀም ለሠላሳ ምናምን ዓመት ያልከፈቱትን አፍ ከፈቱ። ስመኝ ከወጥ ቤት ሆና ሰማች። ቀኛዝማች የነበሩት አያቷ መጋዛቸውን ታውቃለች፤ አባቷ በአምስት ዓመታቸው አብረው መጋዛቸውን ግን ያን ዕለት ነው የሰማችው። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር በሩ ተዘግቶ ሁለቱ ብቻቸውን ያወራሉ፤ ሐምራዊትም በትንሿ የድምፅ መቅረጫዋ ትቀዳለች።

ጊዜው ግንቦት 2007 ዓ.ም. ነው። የጉዟቸው ምክንያት አንድ ፎቶግራፍ ነበር። በ1929 ዓ.ም.፣ ከየካቲት አሥራ ሁለቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ ፋሺስቶች ብዙ መኳንንትን ከነሚስት ከነልጆቻቸው በመርከብ ጭነው ጣሊያን አወረዷቸው። ቀኛዝማች ወልደየስና ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል የደረሳቸው ከሰርዲኒያ ጫፍ ያለችው የአሲናራ ደሴት ነበረች። ሐምራዊት ስትመራመር በዚያው ዳርቻ ባለች የወደብ ከተማ አንዲት ትንሽ ሙዚየም የግዞተኞቹን ፎቶግራፍ ይዛ አገኘች። በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ግን አልነበረም። የሙዚየሟ ሰዎች በሕይወት ያሉ ሰው መኖራቸውን ሲሰሙ ጋበዟቸው።

የግብዣውን ደብዳቤ ስመኝ በመዝገበ ቃላት እየታገዘች አንብባዋለች። «አቶ አስናቀ ወልደየስ፣ የዓይን ምስክር። ወይዘሮ ሐምራዊት አስናቀ፣ ተመራማሪና የቀኛዝማች የልጅ ልጅ።» ከሁሉም በታች «አብራ የምትመጣ አስታማሚ» ይላል። ስሟ የለም። ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው እንጂ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አውሮፕላኑ ከስኪፖል አውሮፕላን ጣቢያ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ሰርዲኒያ አወረዳቸው። ሆላንድን በዝናብ ጥለዋት ነው የወጡት፤ እዚህ ግን ፀሐዩ የጠጠሩን መንገድ ነጭ አድርጎታል። ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥርና የወይራ ዛፍ ነው፤ ቁጥቋጦው ሁሉ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ገፍቶ ገፍቶ ወደ አንድ ጎን አጉብጦታል። የሙዚየሟ ኃላፊ፣ ፀጉሯ የሸበተ ቀጭን ሴት፣ በራሷ መኪና እየነዳች አስጎበኘቻቸው። ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ተከምሮ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የቆመ ክብ ግንብ አሳየቻቸው። ኑራጌ ይሉታል። ከዚያ በአውራጃው ከተማ ቤተ መዘክር ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ የነሐስ ሰዎች አሳየቻቸው፤ ቀስተኛ አለ፣ በግ የተሸከመ አለ፣ ካባ ደርቦ ዘንግ የያዘ አለቃ አለ።

አቶ አስናቀ ባለካባው ፊት ቆመው «ይኸማ በርኖስ የደረበ ፊታውራሪ ነው!» አሉ።

ሐምራዊት ሳቀች፤ ለሴትዮዋ ተረጎመችላት፤ ሴትዮዋም ሳቀች። ስመኝ ከኋላ ቆማለች። የኪኒኑ ሣጥን፣ የውኃው ጠርሙስ፣ ምናልባት ካመለጣቸው ተብሎ የተያዘው ቅያሪ ሱሪ ያለበት ቦርሳ ትከሻዋን ይቆርጣታል። አደባባዩ ላይ አራት ወንዶች ክብ ሠርተው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ከደረት በሚወጣ ወፍራም ድምፅ ይዘፍናሉ። አባቷና እኅቷ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እንደ ወረቀት የሳሳ ደረቅ ቂጣ እየተካፈሉ ያዳምጣሉ። አንድ ቁራሽ ለእሷም ተረፈ። ሐምራዊት ዞር ብላ «እትዬ፣ ቅመሺ» ብላ ዘረጋችላት።

«ጠግቤያለሁ» አለች ስመኝ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሐምራዊት ፎቶግራፉ የሚታይበትን አዳራሽ ለማዘጋጀት ወደ ሙዚየሟ ቀድማ ሄደች። አቶ አስናቀ በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አንቀላፉ። ስመኝ የሐምራዊትን አልጋ ልታነጥፍ ገባች፤ ማንም ያዘዛት የለም፤ እጇ ልማድ ሆኖበት ነው። መቅረጫዋ ጠረጴዛው ላይ ኃይል እንድትሞላ ተሰክታ አየቻት።

አንሥታ የመጨረሻውን ቅጂ ከፈተችው።

«…አንቺ ልጄ» የሚል ድምፅ ወጣ። አባቷ ናቸው። ግን እንዲህ ያለ ለስላሳ፣ ሆድ የባሰው ድምፅ ከእሳቸው ሰምታ አታውቅም። «አንቺ ልጄ፣ ይኸን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ላንቺ ግን ይቀለኛል። ለምን እንደሚቀለኝ…»

ስመኝ አስቆመችው። ይቀላቸዋል! ስታጥባቸው ስንት ዓመት ዝም ያሉ፣ ስታጎርሳቸው ግድግዳ ግድግዳ የሚያዩ ሰው፣ ለዛሬ መጭ ይቀላቸዋል! የመቅረጫዋን ቁልፎች እየተጫነች በቅጂዎቹ ዝርዝር ወደ ታች ወረደች። ሁሉም ይጥፋ ወይ ብላ መሣሪያዋ ጠየቀቻት። «አዎ» የሚለውን ተጫነችው። ከዚያ መልሳ ሰክታት አልጋውን ጥንቅቅ አድርጋ አነጠፈች። በኋላ ሐምራዊት ልትወስዳቸው ስትመለስ መቅረጫዋን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሙዚየሟ ድሮ የጨው መጋዘን የነበረች አንድ አዳራሽ ናት። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ግዞተኞቹ ይበሉባቸው የነበሩ የቆርቆሮ ሳህኖች፣ የወታደር ብርድ ልብስ፣ የዘበኞቹ መዝገብ ተደርድረዋል። ፎቶግራፉ ተለቅ ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ፣ ከሥሩ ወደ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች፣ ጥግ ላይ ጠመንጃ የያዘ ካራቢኔሪ፣ የጣሊያን ፖሊስ። የከተማው ሰው ወንበሩን ሞልቶታል።

አቶ አስናቀ ሮላቶራቸውን ትተው፣ አንድ እጃቸውን ስመኝ ክንድ ላይ፣ አንዱን ሐምራዊት ትከሻ ላይ አድርገው ቀረቡ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«መሬት ላይ እንኳ ሲቀመጡ በማዕረግ ነበር» አሉ። «ትልቁ ድንጋይ የፊታውራሪ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ አባቴ፣ ቀኛዝማች ወልደየስ፤ ያው ጥቁር በርኖሳቸው። ከዚያ ባላምባራሱ። ዘበኞቹ በቁጥር ነበር የሚጠሩን። እኛ ግን እርስ በርሳችን ማዕረግ ሳንጠራ ውኃ አንጠያየቅም።» ጣታቸው ወደ ሴቶቹ ሄደ። «ይቺ እናቴ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል። እግሯ ሥር ያለው እኔ ነኝ።»

ሐምራዊት እየተረጎመች፣ ኃላፊዋ እየጻፈች ቀጠሉ። ከልጁ ጎን ስምንት ዓመት ግድም የሆናት ልጅ፣ የቆርቆሮ ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ፣ ካሜራውን ገልመጥ አድርጋ እያየች ቆማለች። ኃላፊዋ በእስክሪብቶዋ አመለከተቻትና «ይህችስ?» ብላ ጠየቀች።

ሽማግሌው ጣታቸውን ልጅቷ ላይ አደረጉ። «ስመኝ ናት» አሉ።

አዳራሹ ውስጥ የሐዘኔታ ጉርምርምታ ተሰማ፤ ስመኝ አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው መሆኗን ሰምተው ነበርና ሁሉም ሰው «አረጁ፣ ምስኪን፣ በልጃቸው ስም ጠሯት» ብሎ አሰበ። ስመኝም እንደዚያ መሰላት። ለምታስታምማቸው ሰዎች በምትናገርበት ድምፅ «አባዬ፣ ስመኝ እኔ ነኝ። እዚህ ነኝ። ያኔ አልተወለድኩም» አለቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ አቶ አስናቀ። «እኅቴ ናት። እዚያው ደሴቱ ላይ ቀረች።»

ወንበር አቀረቡላቸው፤ ሎሚ በውኃ ሰጧቸው። ስመኝ ወደ ውጭ ወጥታ ወደቡ ዳር ካለው ዝቅተኛ ግንብ ላይ ተቀመጠች። ሐምራዊት ተከትላት ወጣች።

«ታውቂ ነበር» አለች ስመኝ።

«ሁለት ሳምንት ነው ከነገረኝ። በመጀመሪያው ክረምት ትኩሳት ይዟት ነው የሞተችው። ስሟን ላንቺ ያወጣልሽ እሱ ነው።» ሐምራዊት አጠገቧ ተቀመጠች። «አንቺ ስትስቂ እሷን እንደሚያይ ነገረኝ። ስምንት ዓመት እስኪሞላሽ ድረስ እንዳትሞችበት ሲፈራ ኖሯል። ፊቷን እያየሁ ልነግራት አልችልም፣ ስሞት ስጫት፣ እስከዚያ ኮምፒውተር ላይ እንዳታስገቢው ብሎ አስማለኝ። ሌላውን ሁሉ ገልብጬዋለሁ፤ ያንን ብቻ አልገለበጥኩም።» ከቦርሳዋ መቅረጫዋን አወጣች። «አሁን ግን ራሱ ተናገረው። ያንቺ ነው። ተቀበይኝ፣ ብቻሽን ሆነሽ ስሚው።»

ስመኝ እጇን አልዘረጋችም።

«አጥፍቼዋለሁ» አለች።

«ምን?»

«ዛሬ ጠዋት። ሁሉንም።»

ሐምራዊት መቅረጫዋን ከፈተች፤ ተመለከተች፤ ዘጋች፤ እንደገና ከፈተች። አልጮኸችም። «ምን ያህል ሰማሽ?» ብላ ጠየቀች።

«አንድ ደቂቃ አይሞላም።»

«አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነበር» አለች ሐምራዊት። «ለምን?»

«አስታማሚ ብለሽ ጻፍሽኝ።» ይህን ስትል ነገሩ ለራሷም ጆሮ አነሰባት። «ስም የለኝም? ልጁ አይደለሁም?»

«የቤተሰብ ቦታ ሞልቷል አሉኝ፣ እትዬ! ያለ አስታማሚ አይንቀሳቀስም ብዬ ጽፌ ነው ያመጣሁሽ። ሌላ መንገድ አልነበረም።» መቅረጫዋን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተች። «እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት አባት በፎቶ ብቻ ነው ያየሁት። አንቺ ሱዳን ድረስ እጁን ይዘሽው ሄደሻል። ከእኔና ካንቺ ማን ነበር መቅናት የነበረበት?»

ሐምራዊት ተነሥታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጀልባ ሦስቱንም ይዛ ወደ አሲናራ ተሻገረች። ሴቶቹ ከአባታቸው ግራና ቀኝ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ተቀመጡ። ደሴቲቱ ላይ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ቁመታቸው ያጠረ ነጫጭ አህዮች በድንጋዩ መሃል ሣር ይነጫሉ። አቶ አስናቀ ወርደው ዙሪያውን አዩና «አላውቀውም» አሉ። ግራ ተጋቡ። ልጅቷ ስለተቀበረችበት ቦታ የነገሯትን የምታስታውስ ሐምራዊት ብቻ ነበረች። ከአሮጌው የሕሙማን ማቆያ ጀርባ፣ በባሕሩ በኩል፣ ብላ መራቻቸው። እዚያ ምልክት የለም፤ ነፋስ ያጎበጠው ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ስመኝ ነጠላዋን አስተካክላ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረች። ሐምራዊት ፊቷን ሳታዞር አብራት ደገመች።

ሆላንድ ከተመለሱ በኋላ ሐምራዊት ሦስት እሑድ ካፔለ አልመጣችም። በሦስተኛው እሑድ አቶ አስናቀ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ሆነው «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የቀረችው?» ብለው ጠየቁ።

ስመኝ እግራቸውን ቅባት እየቀባቻቸው ነበር። ቀና ሳትል ነገረቻቸው፤ መቅረጫዋን ማንሣቷን፣ ምን ያህል እንደሰማች፣ ምን እንዳደረገች፣ አንድም አላስቀረች። «ቀንቼ ነው» አለች። «እሷን ሲያዩ ፊትዎ ይበራል። በዚያ ቀናሁ።»

ስመኝ የሚቆጧት መስሏት ጠበቀች።

«ያን ሁሉ አሁን ብትዪኝ አልደግመውም» አሉ ሽማግሌው። «ግማሹ ከራሴ ጠፍቷል። ደውይላት፤ ትምጣ።»

ደወለች። «አባዬ ይጠሩሻል» አለች፤ ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ «እኔም ነኝ የምጠራሽ። በድዬሻለሁ» ብላ ጨመረች። ከሰዓት በኋላ ሐምራዊት በሜትሮው መጣች። ስመኝን አልሳመቻትም፤ ግን ጃኬቷን አውልቃ ከወንበሩ በወዲያኛው በኩል ተቀመጠች። መቅረጫ አላመጣችም።

አቶ አስናቀ ወደ ስመኝ ዞሩ።

«ቀናተኛ ነበረች» አሉ።

«ማን አባዬ?»

«ስመኝ፤ እኅቴ። እማዬ እኔን ስታዝለኝ ከኋላ ትመጣና ተረከዜን ትቆነጥጠኛለች። ከምጽዋ ጀምሮ በመርከቡ ሙሉ ስትቆነጥጠኝ ነው የሄደችው። ደሴቱ ላይ ስንወርድ እማዬ እጅ ከፍንጅ ያዘቻት። ምን አድርጎሽ ነው ብትላት፣ እኔንስ ማን ይዘለኝ ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዘበኞቹ ተነሽ ይላሉ፤ አትነሣም።»

ሐምራዊት አንገቷን ቀና አደረገች። ይህን ለእሷም አልነገሯትም ነበር።

«ታዲያ ተነሣች?» አለች ስመኝ።

«አባባ ቀኛዝማች መጡ። ያን ዘመን ቀኛዝማች በአደባባይ ልጅ ያዝላል እንዴ? ፊታውራሪው ያያሉ፤ ባላምባራሱ ያያሉ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። በርኖሱን ከላይዋ ደረቡባትና ተነሡ። ዘበኞቹ ሲስቁ ዘወር ብለው እንኳ አላዩ፤ ከባሕሩ ዳር እስከ ግንቡ ድረስ እንዳዘሏት ገቡ።»